የ1960ዎቹን መረጃ ከየት እናገኛለን?

ስለ 1960ዎቹ ያልተናገረ ወይም ያልተከራከረ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየካፌው፣ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅና በመጽሐፍ ምርቃት ላይ ያ አሥር ዓመት ሳይነሳ አይቀርም። ይሁንና "ይህ ነገር የት ተጽፎ ይገኛል?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛው ተናጋሪ ዝም ይላል፤ ካልሆነም "ሁሉም የሚያውቀው ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሁሉም የሚያውቀው የተባለው ነገር ሲመረመር ግን ቀኑ የተዛባ፣ ስሙ የተቀያየረ፣ ቁጥሩም ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ያደገ ሆኖ ይገኛል።

ለጽሑፍ ሥራዬ ስል የዚያን ዘመን ጋዜጦችና ሰነዶች ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል። በዚህም ምክንያት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ወጣቶች፣ የቤተሰባቸውን ታሪክ ለመጻፍ የተነሱ ባለሙያዎች፣ ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት የሚደውሉ ወዳጆች ሳይቀሩ "ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ለየብቻ የምመልሰውን እዚህ ላይ ላሰባስበው። ችግሩ የመረጃ እጥረት አይደለም። መረጃው አለ፤ ያለው ግን በሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ በብዙ ዓይነት የስም አጻጻፍና በተጣሉ ወገኖች እጅ ተበታትኖ ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቀኑን ያዙ፣ ትዝታውን ከዚያ በኋላ ስሙ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ታሪክ ጻፍኩ ብሎ የአንዱን ወገን ክርክር ደግሞ ይወጣል።

ነገሩም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ተማሪ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ አምስትን አልፏል።

የትኛው ስልሳ?

በእኛ አቆጣጠር 1960ዎቹ ማለት ከመስከረም 1 ቀን 1960 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 1969 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። በአውሮፓውያኑ ሲቆጠር ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1967 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1977 ይሆናል። በውጭ አገር ካታሎግ ላይ "ኢትዮጵያ፣ ስልሳዎቹ" የሚል ርዕስ ያገኘ ሰው ግን የሚደርሰው ሌላ ዘመን ነው። የእነሱ ስልሳዎች የታኅሣሥ 1953ን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያካትታሉ፤ የሚያበቁት ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ከተገደለ በሦስተኛው ቀን ነው። የወሎ ረሃብ፣ የየካቲት አብዮት፣ የመሬት አዋጅ፣ ዘመቻው፣ ቀይ ሽብር፣ ሁሉም ከዚያ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ የእኛን ስልሳዎች ለማግኘት በውጭ ካታሎጎች ውስጥ "ሰባዎቹ" ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ ብቻ "ምንም የተጻፈ የለም" ብለው የተመለሱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በላይ ያለው ጊዜ ሰባት፣ የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ያለው ስምንት ይቀነስለታል። የፈረንጆቹ 1974 ሁለት የእኛን ዓመቶች የያዘውም ለዚህ ነው፤ አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። "አብዮቱ በ66 ነው ወይስ በ67?" እያሉ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በተጨማሪም 1960፣ 1964 እና 1968 ዓ.ም. የገቡት ሴፕቴምበር 12 ቀን ስለሆነ በእነዚህ ዓመታት ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉ ቀናት በአንድ ይዘላሉ። አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ የጋዜጣ ቅጽ ለሚፈልግ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ያደክማል።

የሰዓቱ ነገርም አለ። የዘመኑ የዲፕሎማሲ ቴሌግራሞች የተላኩበት ሰዓት የሚመዘገበው በግሪኒች ነው። ቴሌግራሙ 5 ሰዓት ካለ በአዲስ አበባ የፈረንጆቹ 8፣ የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። አንድ አዋጅ በሬዲዮ ከመነገሩ በፊት ኤምባሲዎቹ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ በዚህ ስሌት ብቻ ይፈታል።

አዋጅና ጋዜጣ

ቀን ለመያዝ ከነጋሪት ጋዜጣ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የቆመ ሕጋዊ ጋዜጣ ነው። የዓመት ቁጥሩን ለማወቅ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 1933 መቀነስ ይበቃል፤ የ1967 ነጋሪት "34ኛ ዓመት" ተብሎ የተጠረዘ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ግን ቁጥር 31/1975 እና 47/1975 ተብለው ነው የሚጠቀሱት። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የአዋጅ ቁጥር ከ1 ጀምሮ እንደገና ተቆጥሯል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታትም እንዲሁ አድርገዋል። ስለዚህ "አዋጅ ቁጥር 31" ብቻ ብሎ የጠቀሰ ጽሑፍ የትኛውን መንግሥት እንደጠቀሰ አይታወቅም።

የአያት የቅድመ አያት ቤት ጉዳይ ያለባችሁ ሰዎች፣ ከጠበቃ በፊት እነዚህን ሁለት አዋጆች ከነመግቢያቸው አንብቧቸው። ብዙ የቤተሰብ ትረካ የአዋጁን ቃል ሲያይ ቅርጹ ይቀየራል።

ከነጋሪት ቀጥሎ አዲስ ዘመን ይመጣል። በ1933 የተመሠረተው ይህ ጋዜጣና በ1935 የተከተለው የእንግሊዝኛው ኢትዮጵያን ሄራልድ የመንግሥት ልሳኖች ስለሆኑ የሚነበቡት በጥንቃቄ ነው። የንጉሡ ዘመን አዲስ ዘመን ማን ቤተ መንግሥት እንደገባ፣ ማን እንደተሾመ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተመረቀ በትክክል ይነግራችኋል። ያልጻፈውን ግን ራሳችሁ ማስተዋል አለባችሁ። የወሎን ረሃብ ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባዘጋጀው ፊልም ሲሆን በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው ኦክቶበር 18 ቀን 1973፣ ማለትም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ይኸው ፊልም ከግብዣና ከድግስ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ደግሞ በ1967 የአዲስ ዓመት ዕለት ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ ሰዓታት ሲቀሩ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለውን የአንድ ዓመት ገደማ ጋዜጣ ተራ በተራ ማንበብ ከብዙ መጽሐፍ በላይ ያስተምራል። ለመስማት ያልተፈቀደው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ሲገባ ይታያል።

ከ1966 የካቲት በኋላ ጋዜጣው ራሱ ሌላ ጋዜጣ ይሆናል። በ1968 "አብዮታዊ መድረክ" በሚለው ዓምድ ላይ የተካሄደው ክርክር፣ ኋላ በጥይት የተፈላለጉት ወገኖች በብዕር የተፋለሙበት ነው። የጸሐፊዎቹን ማንነት ለማወቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ዓምዱን ሳያነቡ ስለ ኢሕአፓና ስለ መኢሶን ልዩነት መጻፍ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የኅዳር 14 ቀን 1967ን ግድያ በምሳሌነት ልጥቀስ። "ስልሳዎቹ ተረሸኑ" የሚለው አነጋገር ሥር ሰድዷል። ሰነዱን የተከታተለ ሰው ግን ጄኔራል አማን አንዶም የሞቱት በመኖሪያ ቤታቸው በተኩስ መሆኑን ያውቃል። ልዩነቱ ለታሪክ ጸሐፊ ትንሽ አይደለም፤ ለቤተሰብማ ጨርሶ ትንሽ አይሆንም።

ስድስት ኪሎና ወመዘክር

ከቤተ መጻሕፍት ሁሉ በመጀመሪያ የምልከው ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። ተቋሙ ከእኛ ስልሳዎች ጥቂት ዓመታት ቀድሞ መመሥረቱ ትልቅ ዕድል ነው። ተማሪዎቹ በዚያው ግቢ ሲጽፉ፣ ሲያትሙና ሲበትኑ የነበሩትን ወረቀቶች ለመሰብሰብ ሰው በቦታው ነበር ማለት ነው። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈበት "ስትራግል"፣ በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች ያሳትሙት የነበረው "ቻሌንጅ"፣ በአውሮፓ የነበሩት "ታጠቅ" ለዚህ ዘመን ዋና ምንጮች ናቸው። የዋለልኝ ጽሑፍ ጥቂት ገጾች ብቻ ነው። ስለ እሱ በስሜት የሚከራከሩ ሰዎች ስንቶቹ ዋናውን እንዳነበቡት ብጠይቅ መልሱ አያስደስትም።

በዚሁ ግቢ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ወጣት ጀማሪዎች የጻፏቸው ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው። አንድ የአውራጃ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የእርሻ ድርጅት ላይ ያተኮሩ፣ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ አዛውንቶች በቃል የተሰበሰቡ መረጃዎችን የያዙ ናቸው። የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ላይ በነፃ ይነበባሉ።

ወመዘክር ብለን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን መዛግብትን የመሰብሰብና የመጠበቅ ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ተደንግጓል። ለጋዜጣ ጥራዞች፣ ለመጽሔቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፋይል የሚኬደው ወደዚህ ነው። ወደ ሁለቱም ስፍራ ስትሄዱ መታወቂያና ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ እድሳትና የቦታ ዝውውር ስለማይጠፋ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። ከደብዳቤው ይልቅ የሚጠቅመው ግን ጥያቄውን አጥብቦ መምጣት ነው። "ስለ አብዮቱ ያለውን ሁሉ" የሚል ሰው ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። "የመጋቢት 1966 አዲስ ዘመን ጥራዝ" የሚል ሰው ጥራዙ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለታል። በእነዚህ ቤቶች ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሠራተኞችን በአክብሮት ጠይቁ፤ ካታሎጉ የማያውቀውን መደርደሪያ እነሱ ያውቁታል።

ስትፈልጉ የዘመኑን ስም ተጠቀሙ። ዩኒቨርሲቲው ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነው። አገሩ በ14 ጠቅላይ ግዛት የተከፈለ ነበር፤ ጎንደርን የሚፈልግ ሰው "በጌምድርና ስሜን" በሚለው ሥር ያገኘዋል። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ጠቅላይ ግዛቱ "ክፍለ ሀገር" ይሆናል።

ቁጥር ለሚፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለ1960ዎቹ የሚሰጥ ማንኛውም የሕዝብ ብዛት በናሙና ላይ የተመሠረተ ግምት ነው። በረሃብ የሞተው፣ በዘመቻ የሄደው፣ ከገጠር የተፈናቀለው "ከመቶ ይህን ያህል ነው" ሲባል፣ መቶው ራሱ ያልተቆጠረ መሆኑን አትርሱ። ስለ ረሃቡ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ስለሚሸፍን ከእኛ ስልሳዎች ጋር በሚገባ ይገጥማል።

ከኢንተርኔት የሚገኘው

በኢንተርኔት ላይ ለዚህ ዘመን ትልቁና ነፃው ክምችት የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ ይህ ሊያስቆጨን ይገባል፤ ግን እውነት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከጁላይ 1973 ጀምሮ ያሉትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቴሌግራሞች በኢንተርኔት አስቀምጧል፤ በቃልና በቀን ይፈለጋሉ። ጁላይ 1973 ማለት ሰኔ 1965 መጨረሻ ነው። የረሃቡ መጋለጥ፣ የየካቲት አመፅ፣ የእንዳልካቸው ካቢኔ፣ የደርግ መምጣት በሙሉ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ዊኪሊክስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣውም አብዛኛው ይኸው ክምችት ነው፤ የተሰረቀ ምስጢር እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ቴሌግራም ርዕሱ ብቻ ቀርቶ ጽሑፉ የጠፋ ወይም ገና ያልተለቀቀ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚያው መሥሪያ ቤት የታሪክ ክፍል ተመርጠውና ማብራሪያ ተጨምሮባቸው የታተሙ ቅጾችም በነፃ ይነበባሉ፤ ከ1973 እስከ 1976 ለአፍሪካ፣ ከ1977 እስከ 1980 ለአፍሪካ ቀንድ ብቻውን የተዘጋጀ አለ። የሲ.አይ.ኤ. ከምስጢርነት የወጡ ሰነዶችም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤት ሆኖ ማንበብ ተችሏል።

በእነዚህ ቴሌግራሞች ውስጥ "ደርግ" ብላችሁ ስትፈልጉ ጥቂት ብቻ ብታገኙ አትገረሙ። ዲፕሎማቶቹ ቃሉን በላቲን ሲጽፉ መካከሉ ላይ አንዴ "ኢ"፣ አንዴ "አይ" ያስገባሉ፤ የፈረንሳይኛ ልማድ ያላቸው ደግሞ መጨረሻው ላይ ሁለት ፊደል ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜም ስሙን ትተው "ፒ.ኤም.ኤ.ሲ." ወይም "ኢ.ፒ.ኤም.ጂ." ይላሉ። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፤ አንድን ሻለቃ በአራት አጻጻፍ ካልፈለጋችሁት ግማሹን ታጡታላችሁ።

ማን እንደሚያወራ ማወቅም ይጠቅማል። የኤምባሲው ሰው የሚጽፈው ያነጋገረውን ባለሥልጣን፣ የሰማውን ወሬና ከመስኮቱ ያየውን ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር የከተማ ሰው በሰነዱ ውስጥ ከመጠን በላይ ይሰማል፤ ገበሬው አይሰማም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሚያዝያ 15 ቀን 1969 መንግሥት የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ጽሕፈት ቤቶችን እንዲዘጉ ካዘዘ በኋላ የኤምባሲው ዓይንና ጆሮ ጠብቧል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ወሬ በዚያው ልክ አመዛዝኑት።

የእንግሊዞቹ ሰነድ ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ፋይል "ኤፍ.ሲ.ኦ. 31" በሚል ምልክት ተመዝግቧል። ካታሎጉን ከአዲስ አበባ ሆኖ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ፋይሉን ለማየት ግን ወይ መሄድ ወይ መክፈል ግድ ነው። ለንደን ዘመድ ያላችሁ ምልክቱን ላኩላቸውና በስልካቸው ፎቶ ያንሱላችሁ። የሶቭየትና የምሥራቅ ጀርመን ወገን ምን ይል እንደነበር ማወቅ ለሚሻ በ1989 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996/97 የወጣው የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ፕሮጀክት ቡለቲን ስለ አፍሪካ ቀንድ የተተረጎሙ ሰነዶች ይዟል።

የተማሪዎቹን ጽሑፎች በተመለከተ የማርክሲስቶች የኢንተርኔት ማኅደር የዋለልኝን ጨምሮ የተወሰኑትን በስካን አስቀምጧል። "ኢንተርኔት አርካይቭ" የተባለው ድረ ገጽ ላይም ከገበያ የጠፉ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጄስቶር የተቋሙን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ይዟል።

በአማርኛ መፈለግ የራሱ ጣጣ አለው። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም ብቻ ብናይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ በአንድ በኩል፣ ሠና ሰ በሌላ በኩል፣ አንድ ቃል ወይም ሁለት ቃል አድርጎ መጻፍም ተጨምሮ ብዙ መልክ ይይዛል። "ዓፄ"፣ "አፄ" እና "ዐጼ" ሲጨመሩበት ደግሞ ይባስ ይላል። ሁሉንም ሞክሩ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊትና ጥቂት ዓመታት በኋላ የተጻፉ ድረ ገጾች የዘመኑን የፊደል ፕሮግራሞች ተጠቅመው የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናሉ፤ በፍለጋም አይወጡም። በስካን የተቀመጠ ፒዲኤፍም ፎቶ ስለሆነ ውስጡ ያለው ቃል አይፈለግም፤ ገጽ በገጽ መገለጥ አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ደግሞ የግዕዙን አናባቢ "ኤ" በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጽፍ "ዘመን" "ዛማን" መስሎ ነው የሚነበበው። ደራሲን ስትፈልጉ በራሱ ስምም በአባቱ ስምም ሞክሩ፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን "ዘውዴ" ሥር ያስቀመጡ ቤተ መጻሕፍት ሞልተዋል።

ትዝታ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የወጣው የትዝታ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል። ክፍሉ ታደሰ "ያ ትውልድ"ን ከኢሕአፓ ወገን፣ አንዳርጋቸው አሰግድ "በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ"ን ከመኢሶን ወገን ጽፈዋል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም "ትግላችን"ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ "እኛና አብዮቱ"ን፣ ፍስሐ ደስታ "አብዮቱና ትዝታዬ"ን አቅርበዋል። የእኔ ዘዴ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ በፊት አንድ ቀን መርጦ፣ በዚያ ቀን ላይ ሁሉንም ጎን ለጎን ማንበብ ነው። መስከረም 13 ቀን 1969 በመንግሥቱ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ውሰዱ፤ ወይም ጥር 26 ቀን 1969 ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የተገደሉበትን። ማን ምን እንደሚዘል፣ ማን "ሰማሁ"፣ ማን "ነበርኩ" እንደሚል በአንድ ምሽት ይገለጥላችኋል። "ማን ቀድሞ ተኮሰ" የሚለው የማያልቅ ክርክር በዚህ መንገድ ባይዘጋ እንኳ ይጠራል። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክና በፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ በኩል የታተመው የተሳታፊዎች የቃል ምስክርነት ስብስብ ለዚህ ዓይነት ንባብ መመሪያ ይሆናሉ። ካፑሽቺንስኪ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የጻፈውን ግን ለጣዕሙ አነበዋለሁ እንጂ ለማስረጃ አልጠቅሰውም።

ትዝታና ቀን እንዴት እንደሚረዳዱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያመጣችልኝ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ቤተሰቡ ዓመቱ 1970 ነው ብሎ ያምናል። እናትየው የሚያስታውሱት ግን ዓመተ ምሕረት አይደለም። "ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት አይሞላም፣ የሠራተኞች በዓል ሊሆን አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ማታ" ነው ያሉት። ይህን ይዘን ባሕረ ሐሳቡን ቆጠርን። በ1970 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 22 ሲሆን የሠራተኞች በዓል ማግስቱን ነው፤ ስለዚህ አይገጥምም። በ1968 ፋሲካ ሚያዝያ 17 ነበር፤ አሁንም አይገጥምም። በ1969 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 2 ውሏል፤ ሚያዝያ 21 ደግሞ አርብ ነው። በዚያ ምሽት የሜይ ዴይ ዋዜማ ሰልፍ የወጡ ወጣቶች በብዛት መገደላቸው በታሪክ የታወቀ ነው። የእናትየው ትዝታ ከቤተሰቡ ዓመተ ምሕረት ይልቅ ትክክል ነበር።

ቀኑ ከተያዘ በኋላ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ልጁ በ1969 የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት እንዳለው፣ ለሁለተኛው እንደሌለው ታየ። የዚያን ሳምንት ጋዜጣና ቴሌግራም ጎን ለጎን አነበብን። ስሙ አልተገኘም። እናትየው ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተዝካሩን በቀኑ ያወጣሉ።

እንዲህ ያለ ፍለጋ ያለበት ሰው መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይጎብኝ፤ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ያሰባሰበውና በታኅሣሥ 1999 ውሳኔ ያገኘው የፍርድ ሂደት መዝገብ በፊርማና በማኅተም የተደገፉ ትእዛዞችን ይዟል፤ የትዝታ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ሲክዱ ወይም ሲያድበሰብሱ መመለሻው ይህ ነው።

አዛውንት ልታነጋግሩ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የዚያን ሳምንት ጋዜጣ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። "ስለ አብዮቱ ይንገሩኝ" ሲባሉ የተለመደውን የሚሉ ሰው፣ የሲኒማ ማስታወቂያውንና የጤፍ ዋጋውን ሲያዩ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ድምፁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ፤ የማይፈልጉትን ስም አታስገድዷቸው።

በመጨረሻም ቤት ውስጥ ያለው ካርቶን። በፍተሻው ዘመን ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን አቃጥሏል ወይም ቀብሯል፤ የተረፈው በቁም ሣጥን ላይ፣ በአልጋ ሥር፣ በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ነው። ደሞዝ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የዘማች መታወቂያ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ በስቴንስል የተባዛ በራሪ ወረቀት ሁሉ ሰነድ ነው። ላሚኔት አታስደርጉት፤ በስኮች አትለጥፉት። በ300 ዲፒአይ ስካን አድርጉ፤ ጀርባውንም ጭምር፤ ከማን እንደተገኘና መቼ እንደተገኘ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ዋናውን መስጠት የሚከብዳችሁ ከሆነ ቅጂውን ለስድስት ኪሎው ተቋም ወይም ለወመዘክር አስረክቡና የተረከበውን ሰው ፊርማ ተቀበሉ።